የቁዩ ግዝት

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ ቢሮዬ በባጃጅ ስመለስ፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆመና «እትዬ፣ እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉልኝ» ብሎ አንድ ኬሻ ማዳበሪያ ከጎኔ ጫነ። ግንቦት ነው፤ ገበሬው ሁሉ ማዳበሪያ ፍለጋ የሚራወጥበት ወር። የኬሻው አፍ በደንብ ስላልተሰፋ ያ የሚቆጠቁጥ ሽታው ባጃጇን ሞላት። አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ፤ ከዚያ ሳላስበው ሳቄ መጣ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና «ምነው እትዬ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። «ደኅና ነኝ። ታስሬ የነበርኩበት ቤት እንዲህ ይሸት ነበር» አልኩት። እስክወርድ ድረስ ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ምስኪን፣ ምን ይበል! እውነቱን ለመናገር ወህኒ ቤት አልገባሁም። የታሰርኩት ቁይ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ነው፤ ያሰረኝም ፖሊስ ሳይሆን የመምሬ ይትባረክ መስቀል ነው። ጥፋቴ ደግሞ ሶፍትዌር መሥራት ነበር። ይህን ለቢሮዬ ወጣቶች ሳወራቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያንን ጊዜ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደረቴን ይጨንቀኛል።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ዓመት አልሞላንም። ሦስት ነበርን፦ ሙሉጌታ፣ ደሳለኝና እኔ። ሙሌ መሪያችን ነው፤ ማንም አልሾመውም፣ ሰው የማያስቀይም ልጅ ስለሆነ ብቻ መሪ ሆነ። ደሳለኝ ከሁላችን የበለጠ ኮድ የሚጽፍ፣ ከሁላችን ያነሰ የሚያወራ ዝምተኛ ነበር። እኔ ደግሞ ስሜ ትዕግስት ሆኖ ትዕግስት የሚባል ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ። ቁይ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር፣ ለአባላቱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚያከፋፍልበት ፕሮግራም እንድንሠራለት ጠራን። ላፕቶፖቻችንን ይዘን ደስ ብሎን ሄድን። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ፣ መንገዱ ገና ጭቃው ሳይደርቅ ነበር።

የሰጡን ክፍል የማኅበሩ መጋዘን ጓሮ ናት። ከግድግዳዋ ማዶ ማዳበሪያ ተከምሯል፤ በጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ሽታው እየገባ ዳቦውም፣ ልብሳችንም፣ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሳይቀሩ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይላሉ። ሙሌ በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ በጠመኔ እቅዳችንን ሠራ። ዩኒቨርሲቲ እያለን «ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው» የሚለውን ለፈተና ሸምድደነዋል። መጀመሪያውን በትልቁ ጻፈው። መጨረሻውን «ርክክብ» ብሎ ጻፈና ከበበው። ያ ክብ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማናችንም አልጠየቅንም፤ ያሠሩንም ሰዎች አልጠየቁንም። ሙሽራ ሳይታይ ሰርግ እንደመደገስ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ሞላ ይባላሉ። ረጅም፣ ጠይም፣ ሲናገሩ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ደጋግመው የሚያነሱ፣ ደግ ሰው። ደግነታቸው ነበር ችግሩ። ቤታቸው ጠርተው ትኩስ ድንች ቅቅል በአዋዜ ያቀርባሉ፤ «በሞቴ አንድ ጨምሩ» ይላሉ፤ እኛ አፋችን ሞልቶ ሳለ «ልጆቼ፣ እግረ መንገዳችሁን አንዲት ነገር ብትጨምሩልኝ» ይሉናል። አፉ የሞላ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? መጀመሪያ የአባላቱ ፎቶ ይግባ አሉ። ቀጥሎ የሴቶቹ ቁጠባ። ከዚያ የማኅበርተኛው ዕድር። ሙሌ ለሁሉም «እሺ» ነው። ስቆጣው «እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ትዕግስት» እያለ ይስቅብኛል። እኔም በንዴት «እሺ ያልከውን ሺውን ማን ሊሠራው ነው?» እለዋለሁ።

ደሳለኝ አልተከራከረም። ጥምቀት ሲያልፍ ባሕር ዳር ሥራ አገኘና ጨርቄን ማቄን ሳይል ሄደ። ልብሱን እንኳ ከገመድ ላይ አላነሳም። ያን ጊዜ ነው ሌላው ጉዳችን የታየው፤ ሰዎችን በስማቸው፣ በአያታቸውና በጎጣቸው የሚለየውን ዋናውን ክፍል የጻፈው እሱ ብቻ ነው፤ እኔና ሙሌ ውስጡን አናውቀውም። የሚሠራ ነገር ሆኖ ሳለ እንደ እባብ ጉድጓድ ፈርተን እጃችንን አናስገባበትም ነበር።

አያ ሞላ ደነገጡ። በጠቅላላ ጉባኤ ቆመው «ዘንድሮ ድርሻችሁን የሚሰጣችሁ ኮምፒውተር ነው» ብለዋል። አሁን ከሦስቱ ልጆች አንዱ አመለጠ፤ ሁለቱም ቢከተሉት እሳቸው በቁይ ገበያ መሐል እንዴት ቀና ብለው ይሄዳሉ? እኛ ደግሞ አልነገርናቸውም እንጂ፣ እኔና ሙሌ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ተፈትነን ሁለታችንም አልፈን ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ካልተገኛችሁ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን ብለውናል። ለእኔ ያ ሥራ ሁሉ ነገሬ ነበር። ከዘመዶቼ ከሀገር ወጥቶ በትምህርቱ እንጀራ የበላ የለም፤ ዲማ አጠገብ ያለችው እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

የቅበላው ሰሞን አያ ሞላ የማርያምን ማኅበር ደገሱ። ጠሩን፤ ሄድን። ዶሮው፣ ጠላው፣ ያ የወፍራም ዳቦ ሽታ… መቼም ያንን ቀን የበላሁትን አልረሳውም። ተበልቶ ተጠጥቶ፣ መምሬ ይትባረክ ለጸሎት ሲነሱ አያ ሞላ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው የሆነ ነገር አሉ። መምሬ የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ ነጭ ጢም፣ ቀጭን ድምፅ። መስቀላቸውን አወጡና ወደ እኔና ወደ ሙሌ ዞሩ።

«ልጆቼ፣ ይህ የጀመራችሁት ሥራ ለሕዝብ ነው። እስኪፈጸም ድረስ ከዚህ ቦታ ንቅንቅ እንዳትሉ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቻችኋለሁ።»

 የጠላው ዋንጫ እጄ ላይ ነበር፤ ማስቀመጫ አጣሁለት። አያ ሞላ ፊታቸው በርቶ «አሁን ተረጋጋሁ» አሉ። እኔ ግን ጣሪያው የወረደብኝ መሰለኝ።

ዛሬ ላይ ሆኖ «ታዲያ ለምን ጥለሽ አልሄድሽም?» ማለት ቀላል ነው። እኔም የተማርኩ ነኝ፣ በቀን ሁለቴ ፌስቡክ የምከፍት ዘመናይ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። በማግስቱ ለእናቴ ደወልኩላት። እየሳቅኩ ነገርኳት፤ እንድትስቅልኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ልጄ፣ እንዳታስቢው። ግዝት ጥሰሽ ከመጣሽ እኔም በሬን አልከፍትልሽም» አለችኝ። ሲኦሉን ምናልባት እደፍረው ነበር፤ የእናቴን በር ግን አልደፈርኩም።

የሚገርመው ደግሞ ከግዝቱ በኋላ ሥራው ይብሱን መጨረሻ አጣ። ቀድሞ «ልጆቹ ሊሄዱ ነው» ብሎ የሚሳሳልን ሰው ነበር። አሁን የት እንሄዳለን? «እዚሁ ናቸው እኮ፣ ይጨምሩልን» ሆነ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የፈተና ውጤት ይመዝገብልኝ ብሎ መጣ። ሌላው የደብረ ማርቆስን የጤፍ ዋጋ ይንገረን አለ። መምሬ ሳይቀሩ «የአብነት ተማሪዎቹን ስም ቢይዝልኝ» አሉ። ሙሌ እሺ አለ። ሁዳዴ ገባ፤ ሽሮና ተልባ እየበላን፣ የመጋቢት ነፋስ ቆርቆሮውን እያንጓጓ፣ አንዱን ስንጨምር ሌላው እየተበላሸ፣ እኛም ከሰው ተራ ወጣን። ግድግዳው ላይ ያ የሙሌ ክብ ያፈጥብኛል። አንዳንዴ እየሠራሁ ትንፋሼ ያጥረኝና ወደ ውጭ ወጥቼ ባሕር ዛፎቹ ሥር እቆማለሁ። ወደ ደጀን የሚያልፉትን መኪኖች እያየሁ በቅናት አንጀቴ ያርራል።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ጧት ቆረጥኩ። ሙሌ ሳያየኝ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።  ከጎኔ የተቀመጠች ሴት፣ ቅርጫት ታቅፋ፣ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ! የግዝቷ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ! ሰው ሁሉ ዞረ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«እውነት ነው?» አለኝ።

«ምን አገባህ? ሒሳብህን ተቀበልና ንዳ።»

«እታለሜ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፍሬኔ እንደሁ አርጅቷል። የተገዘተ ሰው ጭኜ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት አልወርድም። እነዚህም የሰው ልጆች ናቸው።»

ተከራከርኩ፤ ተቆጣሁ። መጨረሻ ላይ ለመንኩ። ተሳፋሪው «ኧረ በማርያም ውረጂ፣ ልጆች አሉን» ይላል። ወረድኩ። መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ሲሄድ፣ መንገድ ዳር ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ቅርጫት የያዘችዋ ሴት በመስኮት እጇን ስታወዛውዝልኝ እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ በክፋት አልነበረም፣ አዝናልኝ ነው።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ንዴቱ መጣ፤ ደግነቱ እኔን የሚያሠራኝ ንዴት ነው። «እስኪፈጸም» ነው ያሉት። እሺ! የሚፈጸመው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እኮ በአደይ አበባው ጊዜ መጠየቅ ነበረብን። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በቀጥታ አያ ሞላ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ሞፈር እየጠረቡ አገኘኋቸው።

«አያ ሞላ፣ ምን ሲያዩ ነው ይህ ሥራ አለቀ የሚሉት?»

ሻንጣዬን አይተው፣ እንዳላዩ ሆኑ። «ሁሉ ሲሟላ ነዋ፣ ልጄ።»

«ሁሉ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ዕድሩ… ፎቶው… የሴቶቹ ቁጠባም አለ…»

አቋረጥኳቸው። ትልቅ ሰው ማቋረጥ ነውር ነው፤ ያን ቀን ግን ነውሩም አልታየኝ። «ነገ የሚሞቱ ቢሆን፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛው ሳይሠራ ቢቀር ነው ነፍስዎ አልወጣ የምትለው?»

መጥረቢያው እጃቸው ላይ ቆመ።  ከዚያ «የጥሩነሽ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ጥሩነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት አባል አለች። በእሷ ስም፣ በአባቷም ስም ሳይቀር የምትጠራ ሌላ ሴት በሌላ ቀበሌ ነበረች፤ አምና ዘሯን ያቺ ወሰደችው። መጋዘኑ ባዶ ነበርና ጥሩነሽ ሳትዘራ ከረመች። ሰው ግን «ሞላ ሸጦት ነው» አለ። «ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ከአጠገቤ ይሸሻል፣ ትዕግስት። እኔ የሰው ዘር አልበላሁም። ሰው በስሙ ተጠርቶ የራሱን ድርሻ ሲወስድ ሕዝቡ ይይልኝ። ሌላው ቢቀርም ይቅር።»

«አያ ሞላ፣ ይህ እኮ ተሠርቷል! ደሳለኝ ሳይሄድ በፊት ነው የተሠራው።»

«ምን አልሽ?»

«ይሠራል። እርስዎ ሌላ እየጨመሩብን ነው ያልከፈትነው።»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አነሱ። «እኔማ፣ እናንተ እሺ ስትሉኝ ጊዜ ቀላል ነገር መሰለኝ እንጂ» አሉ።

ምን ልበል? እውነታቸውን ነው። በእሺታችን ነበር እስር ቤቱን የሠራነው። ተያይዘን መምሬ ይትባረክ ዘንድ ሄድን። መምሬ ሰምተው ጢማቸውን እያሻሹ «ሞላ እስኪፈጸም በልልኝ አለኝ፣ አልኩ። ፍጻሜው ምን እንደሆነ ግን እኔም አልጠየቅሁት» አሉ። ከዚያ ሦስታችንም በተስማማነው ቃል ግዝቱን ወሰኑት፦ ከፋሲካ በኋላ በገበያው ቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ ሰው በስሙ ተጠርቶ ድርሻውን ከወሰደ ሥራው ተፈጽሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሌላ ሥራ ነው፤ የፈለገ በአዲስ ስምምነት ይጀምረዋል።

ለሙሌ ስነግረው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ጠቆረ። «ርዕሰ መምህሩስ? እሺ ብዬዋለሁ እኮ» አለኝ።

የፋሲካው ሳምንት የገበያ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ጠረጴዛ አወጣን። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ግማሹ ዘር ሊወስድ፣ ግማሹ ግዝቱ ሲፈታ ሊያይ።  አንድ በአንድ ተጠሩ። ሁለቱ ጥሩነሾች ሲጠሩ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ኮምፒውተሩ በአያታቸውና በጎጣቸው ለያቸው፤ ለእያንዳንዷ የራሷ ወጣላት። ባሏ የሞተባት ጥሩነሽ ኬሻው ፊቷ ሲቀመጥ፣

«የኔ ነው?» አለችኝ።

«የእርስዎ ነው።»

«ማንም አይወስደውም?»

«ማንም አይወስደውም።»

ኬሻው ላይ ቁጭ አለችበት። ልጫንልዎ ቢሏት፣ ይነሱ ቢሏት፣ አልነሳም አለች። አያ ሞላ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። «ግዝቱ ለዚህ ነበር፤ ተፈጽሟል። ኑ ልፍታችሁ» አሉ። ተንበረከክኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉኝ ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ሲነሳ ተሰማኝ፤ አየር እስከ ሆዴ ድረስ ገባ። ሙሌ ከጎኔ ይንበረከካል ብዬ ዞር ስል የለም። ከመጋዘኑ በር አጠገብ ሰው ከቦታል። «ዕድሩስ መቼ ነው?» «ፎቶውስ?» ይሉታል። እሱም ለአንዱም ለሌላውም «እሺ፣ እሺ» ይላል።

«ሙሉጌታ፣ አንተስ?» አሉት መምሬ።

«እኔ ትንሽ እቆያለሁ፣ አባ።»

«ተፈታ እኮ ነው የምልህ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

ጮኽኩበት። ሰው ፊት ጮኽኩበት። «ሰኞ ነው እኮ! አብረን ነው ያለፍነው! ምን ሆነሃል?» አልኩት። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ እስከ መኪናው ሸኘኝ። «ቦታዬን አስይዢልኝ። እነዚህን ጨርሼ መጣሁ» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው ይስቅ ነበር። ሹፌሩ በክብር ከፊት አስቀመጠኝ።

አስያዝኩለት። እየመጣ ነው፣ መንገድ ላይ ነው እያልኩ የቻልኩትን ያህል ዋሸሁለት። ጠብቀው ጠብቀው ለሌላ ሰጡት። እኔ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠራኝ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ የራሴን ቢሮ ከፈትኩ። ሥራ ሊሰጠን የሚመጣ ሰው ገና ሳይቀመጥ «በየትኛው ቀን፣ ምን ሲያዩ ነው በቃኝ የሚሉት?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ ጥሩ አድርጎ ይቀየም።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ በቁይ ሳልፍ ሙሌን አየሁት። መጋዘኑ አዲስ ተሠርቷል፤ እሱ እዚያው ነው። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሰው «አያ ሙሌ» ይለዋል፣ ሲያልፍ ይነሱለታል። አያ ሞላም መምሬም አርፈዋል። ስናወራ ሦስት ሰው ገብቶ የሆነ ነገር ጠየቀው፤ ለሦስቱም እሺ አለ። «ሙሌ፣ የኔ ቢሮ ላንተ ክፍት ነው። ደብረ ማርቆስ እኮ ቅርብ ነው። ና» አልኩት።

«መምጣቱንስ እመጣለሁ። እስቲ ይህቺን ብቻ ልጨርስና» አለኝ።

«ማን ይዞህ ነው?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ትንሽ አሰበ። «ማንም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው የሚያመኝ ይኸው ነው። የያዘው ሰው ቢኖር ሄጄ እግሩ ላይ ወድቄ እለምንለት ነበር።